«ማለፊያ» ወይስ «ጠለፋ»? ስለ ጉበት በር የደም ዝውውር ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

ስለ ጉበት ሕመም የተዘጋጀ አንድ የእንግሊዝኛ አማርኛ የሙያ ቃላት ረቂቅ አስተያየት እንድሰጥበት ተልኮልኝ ለሁለት ወራት ያህል ከጠረጴዛዬ ላይ ሰንብቷል። አዘጋጆቹ ሐኪሞችና ተርጓሚዎች ሲሆኑ ሥራቸው በአብዛኛው የሚያስመሰግን ነው። የሚበዙት ስያሜዎች ከሕያው አማርኛ የተወሰዱ፣ ብያኔያቸውም አጭርና ግልጽ በመሆኑ ስለ እነርሱ ብዙ መናገር ቀለም ማባከን ይሆናል። ይሁን እንጂ በዝርዝሩ ውስጥ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ጥቂት ቃላት አሉ፤ በእነርሱ ላይ ዝም ማለት አልቻልሁም። ቃላቱ ከአንጀት ወደ ጉበት ሊሄድ የሚገባው ደም ጉበትን ሳይነካ ወደ ሌላው አካል የሚሻገርበትን መንገድ፣ ይኸውም እንግሊዝኛው «ፖርቶሲስተሚክ ሻንት» የሚለውን፣ እንዲሁም ሕክምናውን የሚመለከቱ ናቸው። በሌሎቹ ቃላት የሚታየው ጉድለት ቢበዛ ጆሮን የሚጎረብጥ ነው፤ ከዚህ ላይ ግን ስያሜው ራሱ ስለ በሽታውና ስለ ሕክምናው ሐሰት ይናገራል።

ስያሜን ለመተቸት አስቀድሞ የተሰየመውን ነገር ማወቅ ግድ ስለሆነ፣ ሐኪሞች ይቅርታ ያድርጉልኝና ነገሩን በአጭሩ ልግለጽ። ከጨጓራ፣ ከአንጀት፣ ከጣፊያና ከቆሽት የሚመለሰው ደም እንደ ሌላው ደም በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም። በአንድ ወፍራም ሥር ተሰብስቦ ወደ ጉበት ይገባል፤ ለጉበት ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉ በዚህ ሥር የሚመጣ ነው። ጉበት ምግቡን ያከማቻል፣ መርዙን ያመክናል፣ ከዚያም ደሙን ወደ ልብ ይለቀዋል። ጉበት በጠባሳ ሲደነድን የደሙ መግቢያ ይጠብባል፤ ከመግቢያው ወዲህ ያለው ግፊትም ያድጋል። በጉበት መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት በጤነኛ ሰው ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ 10 ሲደርስ አሳሳቢ ይሆናል፤ 12 ሲሞላ የመድማት አደጋ ይከተላል። ያን ጊዜ ደሙ እንደ ተገደበ ወንዝ ሌላ መውረጃ ይፈልጋል። በጉሮሮ ታችኛው ጫፍ፣ በእምብርት ዙሪያ፣ በፊንጢጣና በሌላም ቦታ የነበሩ ቀጫጭን ሥሮች እየሰፉ ደሙን ተቀብለው ያሳልፉታል። ይህም ሁለት ጠንቅ አለው፦ አንደኛ፣ የሰፉት ሥሮች፣ በተለይም የጉሮሮዎቹ፣ ሊፈነዱና ደም ሊያስታውኩ ይችላሉ፤ ሁለተኛ፣ አሞንያንና ሌሎች መርዞችን የያዘው ደም ጉበት ሳያመክነው አንጎል ዘንድ ይደርሳል።

በአገራችን ይህ ጉዳይ ከመጽሐፍ የተቀዳ ባዕድ ነገር አይደለም። የአንጀት ቢልሃርዝያ የሚያስከትለው ትል እንቁላሎች በጉበት በር ሥር ጥቃቅን ቅርንጫፎች ውስጥ ተቀርቅረው ዙሪያውን ጠባሳ ያደርጉታል፤ ግፊቱም ይጨምራል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ እንዶድ የትሉን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ይህንኑ በሽታ ሲመረምሩ ነበር። በነገራችን ላይ «ቢልሃርዝያ» የሚለው ቃል የአንድ ጀርመናዊ ሐኪም ስም ነው፤ ገበሬው ሳይቀር ተቀብሎት ስለሚናገረው ከእንግዲህ ማንም አይነቅለውም። ይህን የማነሣው በውሰት ቃል ላይ ጥላቻ እንደሌለኝ ከወዲሁ ለማስታወቅ ነው።

አሁን ወደ ረቂቁ እንግባ። ዋናው ሥር «የወደብ ደም መልስ» ተብሏል። ይህ ግልጽ ስሕተት ነው፤ ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ድምፅ አይቶ የመርከብ ማረፊያ አድርጎታል። የቃሉ ምንጭ የላቲኑ «ፖርታ» ነው፤ ትርጉሙም በር፣ ደጅ ማለት ነው። የጥንት የግሪክ ሐኪሞች ሥሮቹ ወደ ጉበት የሚገቡበትን ስንጥቅ «በሮች» ብለው ጠርተውት ስለነበር፣ ላቲኑ ያንኑ ቀዳ። ዐረብኛው «ባብ» ከሚለው፣ ዕብራይስጡም «ሻዓር» ከሚለው ቃል ሥሩን ሰይመዋል፤ ሁለቱም በር ናቸው። ጀርመንኛውም እንዲሁ። ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ በግ አርደው ጉበት ያነብቡ የነበሩት ባቢሎናውያን ከጉበት ክፍሎች አንዱን «የቤተ መንግሥት በር» ይሉት ነበር፤ እነርሱ የሚያመለክቱት ግን ሌላ ስንጥቅ ስለሆነ ዝምድናውን ከምስያ አላሳልፈውም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘመን ያለፈ በር አማርኛ ላይ ሲደርስ ወደብ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

የረቂቁን ሕዳግ ያነበበ አንድ ሌላ ተቺ «አንቀጸ ከብድ» የሚል ሐሳብ ጽፎበታል። ከግእዝ አንጻር ነቀፋ የለበትም፤ «አንቀጽ» በር መሆኑን «አንቀጸ ብርሃን» የሚለውን የድርሰት ስም የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ «ከብድ»ም ጉበት ነው። ለጆሮም ይጥማል። ነገር ግን የዛሬ አማርኛ ተናጋሪ አንቀጽ ሲባል የሚታየው የሕግ ቁጥር ነው፤ ከብድን ደግሞ ከካህናትና ከእኛ ከቋንቋ ሰዎች በቀር የሚያውቀው የለም። ስያሜ ራሱ ሌላ ትርጉም የሚያስፈልገው ከሆነ ሥራውን አልሠራም ማለት ነው። ሕያው አማርኛ «በር» የሚል ቃል እያለው ግእዝን ማስቸገር አይገባንም። ስለዚህ ስንጥቁ «የጉበት በር»፣ ሥሩ «የጉበት በር ደም መልስ» ቢባል ነገሩ ያበቃል።

«ደም መልስ» በሚለው ላይ ግን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የትምህርት መጻሕፍት ከልብ የሚወጣውን ሥር «ደም ቅዳ»፣ ወደ ልብ የሚመለሰውን «ደም መልስ» ብለው ለይተዋቸዋል። ሁለቱም ከትእዛዝ አንቀጽ የተሠሩ፣ አጭርና ውብ ስያሜዎች ናቸው። የጉበት በሩ ሥር ግን ደሙን ወደ ልብ አይመልስም፤ ለጉበት ይቀዳለታል። በዚህ ምክንያት ለብዙ ጊዜ «ደም መልስ» መባሉን ስቃወም ኖሬአለሁ። አሁን ሐሳቤን ለውጫለሁ። አንድ የስያሜ ሥርዓት ከተዘረጋ በኋላ በየተናጠሉ ልዩ ሁኔታ ማፍረስ ሌላውን ሁሉ ያናጋል፤ ሥሩም በአሠራሩና በተሸከመው ደም ዐይነት የደም መልሶች ወገን ነው። ልዩነቱን ብያኔው ይናገር፤ ስያሜው ወገኑን ይጠብቅ።

ሁለተኛው ጉድለት «ሲስተሚክ» የሚለው ነው። ረቂቁ «ሥርዓታዊ» ብሎታል፤ በዚህም «በራዊ ሥርዓታዊ» የሚል ድቅል ወጥቷል። «ሥርዓታዊ» በአማርኛ ሥርዓት ያለው፣ ደንብን የተከተለ ማለት ነው። ደሙ መንገዱን ስቶ፣ መጣሪያውን አልፎ ሲሄድ ሳለ «ሥርዓታዊ» ማለት ሽፍታን ሕግ አክባሪ እንደ ማለት ያስቆጥራል። የሕክምናው ቃል የሚያመለክተው ከሳንባው ዑደት የተለየውን፣ መላውን አካል የሚያዳርሰውን የደም ዝውውር ነው። «የመላ አካል ዝውውር» ማለት በቂ ነው። ከዚያም አልፎ፣ ይህ ቅጽል በስያሜው ውስጥ ከናካቴው መግባት አለበት ወይ የሚል ጥያቄ አለኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሂሴ ዋና ምክንያት ሦስተኛው፣ «ሻንት» የሚለው ቃል ነው። ረቂቁ ለዚህ አንድ ቃል ሁለት ስያሜዎች ሰጥቷል። በበሽታው ምክንያት የሚፈጠረውን «የደም ማምለጫ» ብሎታል፤ ሐኪም ለሕክምና የሚሠራውን «ማለፊያ» ብሎታል። አዘጋጆቹ በመግቢያቸው ምክንያታቸውን ጽፈዋል፦ አንዱ ጉዳት፣ ሌላው ፈውስ በመሆኑ ታካሚው እንዳይደናገር ለይተናቸዋል ይላሉ። አሳባቸው ቅን መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን ስያሜው የተሠራው ለነገሩ ሳይሆን ለስሜት ነው፤ ስሜቱም የተሳሳተ ነው።

ነገሩ አንድ ነው። በበሽታም ይፈጠር በሐኪም እጅ፣ የጉበት በር ደም ጉበትን ሳይነካ ወደ መላ አካል ዝውውር ይገባል። ግፊቱ ይቀንሳል፤ አንጎል ለመርዙ ይጋለጣል። ሁለቱ ውጤቶች የአንድ ሥራ ሁለት ገጾች ስለሆኑ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። የዚህ ሕክምና ታሪክ በሙሉ የሚናገረው ይህንኑ ነው። ሩስያዊው ወታደራዊ ሐኪም ኒኮላይ ኤክ እ.ኤ.አ. በ1877 ዓ.ም. በውሾች ላይ የጉበት በሩን ሥር ከታላቁ የታችኛው ደም መልስ ጋር አገናኘ። ውሾቹ አብዛኞቹ ወዲያው ሞቱ፤ ሁለት ወር ተኩል ያህል የቆየው አንዱ ደግሞ ጠፍቶ አመለጠ፤ ተመራማሪው ቀዶ ጥገናው ለሰው ይሆናል የሚል ተስፋውን የጻፈው በዚህ ማስረጃ ላይ ቆሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ዓ.ም. ኢቫን ፓቭሎቭና ባልደረቦቹ ያንኑ ቀዶ ጥገና ደግመው ሠሩት። ውሾቹ በሕይወት ተረፉ፤ ሥጋ ሲበሉ ግን ይቅበዘበዙ፣ ይንገዳገዱ፣ ዐይናቸው ይጠፋ፣ ራሳቸውን ይስቱ ጀመር። ተመራማሪዎቹ «የሥጋ መመረዝ» አሉት።

ትምህርቱ ከውሾች ወደ ሰው ለመሻገር ብዙ ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1945 ዓ.ም. አሜሪካዊው አለን ዊፕል የጉበት ግፊት ላለባቸው ሕሙማን ይህን ቀዶ ጥገና አስፋፋው። በ1954 ዓ.ም. በእነ ሺላ ሼርሎክ የተጻፈው ጥናት የአንጎሉን መታወክ ከዚሁ የደም መሻገር ጋር አያይዞ ስም ሰጠው። በ1960ዎቹ ደግሞ ገና ላልደሙ ሕሙማን አስቀድሞ ቀዶ ጥገናውን መሥራት ይጠቅም እንደሆነ ተፈተነ፤ መድማቱ ቀነሰ፣ ዕድሜ ግን አልረዘመም፤ የአንጎሉ መታወክ በረከተ። ቀዶ ጥገናውን በመሣሪያ የተካው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. ፍራይቡርግ ከተማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የብረት ቱቦ በሰው ጉበት ውስጥ ተተክሎ ሲሠራ፣ ያው ጠንቅ አብሮት መጣ። እስከ ዛሬም ይህ ሕክምና ከተደረገላቸው ሕሙማን ከሦስቱ አንዱ ያህል በተከታዩ ጊዜ ውስጥ የአንጎል መታወክ ይገጥመዋል። ሐኪሞች ሕክምናውን የሚመርጡት ይህን ዐውቀው፣ ሌላ መድኃኒት ያልገታውን ደም ወይም በሆድ የሚቋጠረውን እምቢተኛ ውኃ ለማስታገሥ ነው። ምርጫው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ታካሚው የሚገዛውን በዋጋው ዐውቆ እንዲገዛ ስያሜው መፍቀድ አለበት።

«ማለፊያ» ይህን አይፈቅድም። በአማርኛ «ማለፊያ» የሚያልፉበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ያማረ፣ የደስ ደስ ያለው፣ እንከን የሌለው ማለትም ነው። «ማለፊያ ሰው»፣ «ማለፊያ እህል» እንላለን። በውጭ አገር ሆስፒታል የሚሠራ አንድ አስተርጓሚ ያጫወተኝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለአንድ አዛውንት ቤተሰብ «ማለፊያ ይሠራላቸዋል» ብሎ ያስተረጉማል። ቤተሰቡ «ተመስገን፣ ማለፊያ ከሆነማ» ብሎ ይፈርማል። ከሳምንታት በኋላ አባት ሌሊቱን ቀን፣ ቀኑን ሌሊት ያደርጉ፣ የልጆቻቸውን ስም ያፋልሱ ጀመር። ቤተሰቡ ሁለቱን ነገሮች ማገናኘት አልቻለም። «ማለፊያ» የተባለ ነገር እንዲህ ያደርጋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? እርጅና ነው ብለው ቀናት አሳለፉ። አስተርጓሚው ይህን ሲነግረኝ ጥፋቱን በራሱ ላይ ነበር የሚያደርገው፤ እኔ ግን ከቃሉም ላይ ድርሻውን አነሣለሁ።

«ማምለጫ»ም በተቃራኒው ይበድላል። ማምለጥ ከጥፋት መዳን ነው፤ «እግዚአብሔር አስመለጠን» የምንለው በበጎ ነው። ደሙ ካመለጠ ጉበት አሳዳጅ ሆነ ማለት ነው፤ ይህም ነገሩን ገልብጦ ያሳያል።

በየሙያው ቃላትን ስፈትን የምጠቀምበት አንድ ዘዴ አለኝ። ስያሜውን ለብቻው አላየውም፤ ሐኪሙ በዕለት ሥራው ከሚጠቀምባቸው ግሶች ጋር አስቀምጠዋለሁ። ከዚህ ላይ ግሶቹ መሥራት፣ ማጥበብ፣ መዝጋትና መድፈን ናቸው። ምክንያቱም ሕክምናው ሁልጊዜ ሻንት መሥራት አይደለም። በተፈጥሮ ከነሻንቱ የሚወለዱ ሕፃናት አሉ፤ ለእነርሱ ሕክምናው መዝጋት ነው። በበሽታ ከተፈጠሩት ሥሮች አንዱ እጅግ ሰፍቶ አንጎልን ሲያውክ ሐኪሙ ይደፍነዋል። ራሱ የተከለው ቱቦ አእምሮን ካወከ ደግሞ ሐኪሙ ተመልሶ ያጠብበዋል። በረቂቁ ስያሜዎች ይህን ለመናገር እንሞክር፦ «ማለፊያው ስለጎዳው እንዲጠብብ ተደረገ»፤ «ማምለጫው ተዘጋ»። የመጀመሪያው እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ሁለተኛው የእስር ቤት ወሬ ይመስላል። ሐኪሙ የተከለውም ሆነ ከልደት የመጣው አንድ ጊዜ የሚጠቅም፣ ሌላ ጊዜ የሚጎዳ ስለሆነ፣ ፍርድን ከወዲሁ ያዘለ ስያሜ ከሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ይሰበራል።

ከዚህ በመነሣት ልዩ ልዩ አማራጮችን መርምሬአለሁ። «አቋራጭ» በቅድሚያ የሚመጣ ነው፤ ነገር ግን ማቋረጥ ማስቆምም ስለሆነ «ደም አቋራጭ» ሲባል ደም የሚያቆም መድኃኒት ይመስላል። ለሚደማ ሕመምተኛ ይህን ያህል አደናጋሪ ቃል ማቅረብ አይገባም። «ማሳለጫ» የከተማ መንገድ ሠሪዎች ያለመዱን ቃል ነው፤ ማሳለጥ ግን ሥራን ማቃለል፣ ማቀላጠፍ ስለሆነ የ«ማለፊያ» ወንድም ነው። «ሻንት» ብሎ መተው ደግሞ ለሐኪሞች ውይይት ይበቃል፤ ለቤተሰብ ግን ባዶ ድምፅ ነው፤ እንደ ቢልሃርዝያ አገር እስኪለምደው ድረስ የሚጠብቅ ታካሚ የለም።

እኔ የማቀርበው «ጠለፋ» የሚለውን ነው። ገበሬው «ወንዝ ጠለፈ» ይላል፤ የመስኖ ባለሙያዎችም «የወንዝ ጠለፋ» የሚለውን በሥራቸው አጽንተውታል። ትርጉሙም ከመደበኛ መፍሰሻው ላይ ውኃን መንገድ አስለውጦ ወደ ሌላ ቦይ ማስገባት ነው። ከዚህ የተሻለ የሻንት ብያኔ ማንም ሐኪም አልሰጠኝም። ጠለፋው ለላይኛው ማሳ ልማት፣ ለታችኛው መንደር ጥም ሊሆን እንደሚችል ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማል፤ ለአንዱም አያዳላም። እንግሊዝኛው «ሲስተሚክ» ብሎ መድረሻውን የሚጨምርበትን ጉዳይ ደግሞ አማርኛ በራሱ መንገድ ይፈታዋል። በእኛ አነጋገር የሚጠራው የሚጠለፈው ነው እንጂ የሚሄድበት አይደለም፤ «ወንዝ ጠለፋ» እንላለን፤ ወደየት ማሳ እንደሆነ ዐረፍተ ነገሩ ይናገራል። ስለዚህ «የጉበት በር ደም ጠለፋ» ስንል ሁሉንም ብለናል፤ ከ«ሥርዓታዊ»ም እንገላገላለን።

የቃሉ እርባታም ለጋስ ነው። ሻንቱ «ጠለፋ»፣ በበሽታው የሰፋው ሥር «ጠላፊ ሥር»፣ ሐኪሙ የሚተክለው ቱቦ «መጥለፊያ»፣ ያልተጣራው ደም «የተጠለፈ ደም»። አንድ ሥር አራት ጽንሰ ሐሳቦችን ዝምድናቸውን ሳያጠፋ ሰየመ። በረቂቁ ውስጥ ግን እነዚሁ አራቱ አራት የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። «ጥልፍ» የሚለውን ብቻ ለልብስ እንተውለት።

በ«ጠለፋ» ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። የአውሮፕላን ጠለፋና የስልክ ጠለፋ አያሳስቡኝም፤ ዘርፉ ስለሚለያቸው ማንም አይሳሳትም። የሚከብደው ሌላው ነው። ረቂቁን አብራኝ ያየች አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ «ልጅነቷን በጠለፋ ያጣች እናት ፊቴ ተቀምጣ ‹ደምሽ ተጠልፏል› ልላት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ በመዝገበ ቃላት ሕግ ልመልሰው አልሞከርሁም። ሐኪሟ ትክክል ነች፤ ጉዳቱ በሕግ ወንጀል የሆነና በብዙ ቤት ያልሻረ ነው። ሆኖም ከእርስዋ ጋር ተነጋግረን የደረስንበት አንድ ልዩነት አለ። ስያሜ ለመጽሐፍ፣ ለማኅደርና ለባለሙያ ነው፤ ከሕመምተኛ ጋር የሚደረግ ንግግር ደግሞ ገለጻ ነው። ለእናቲቱ «ደሙ ጉበትዎን ሳይነካ በሌላ ቦይ ያልፋል፤ ስለዚህ ሳይጣራ ራስዎ ይደርሳል» ይባላል፤ ከዚህ የበለጠ ስያሜ አያስፈልጋትም። አስተርጓሚው ግን ይህን ገለጻ በትክክል መስጠት የሚችለው በመዝገቡ ውስጥ ነገሩ በአንድና በማያዳላ ስም ተይዞ ሲያገኘው ነው። ሐኪሟ በዚህ ተስማምታለች፤ በሙሉ ልቧ ነው ለማለት ግን አልደፍርም።

እርስዋ በፈንታው ያቀረበችው «ቅልበሳ» የሚለውን ነበር፤ ገበሬ ጎርፍን በመቀልበሻ ቦይ ከማሳው ያርቃልና ከጠለፋ የለዘበ ነው በማለት። በመጀመሪያ ወድጄው ነበር። ይሁንና መቀልበስ ወደ መጣበት መመለስም ነው፤ በዚህም ሕመም የጉበት በሩ ደም አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ይቀለበሳል፤ ወደ ጉበት መፍሰሱን ትቶ ከጉበት ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህ በድምፅ ሞገድ ምርመራ የሚታይ፣ ከሻንት የተለየ ራሱን የቻለ ክሥተት ነው። ረቂቁ ለእርሱ ምንም ስያሜ አላበጀለትም። ስለዚህ «ቅልበሳ» ለዚሁ ይያዝ፤ «ጠለፋ» ለሻንት ይሁን፤ አንዱን ለሁለቱም ካደረግነው ምርመራውን ያነበበው ሐኪምና ውጤቱን የተረጎመው ሰው ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይነጋገራሉ።

በጉበት ውስጥ በመሣሪያ የሚሠራውን ጠለፋ እንግሊዝኛው በአራት ቃላት ሰይሞ በምሕጻር «ቲፕስ» ይለዋል። ረቂቁ «በአንገት በኩል በጉበት ውስጥ የሚደረግ በራዊ ሥርዓታዊ ማለፊያ» አድርጎታል። ስለ «ማለፊያ»ና ስለ «ሥርዓታዊ» የተባለው ይበቃል፤ «አንገት» ግን ሌላ ችግር አለበት። እንግሊዝኛው የአንገትን ደም መልስ የጠቀሰው መሣሪያው የሚገባበት መንገድ ስለሆነ ነው፤ በአማርኛ ስያሜ መጀመሪያ ላይ ሲቀመጥ ግን ታካሚው አንገቱ የሚቀደድ ይመስለዋል። መንገዱ በብያኔው ይግባና ስያሜው «የውስጠ ጉበት ጠለፋ» ይሁን። ምሕጻሩን «ቲፕስ» ብሎ መያዝ ለማኅደር ጽሑፍ አይከፋም፤ በከተማ ግን «ቲፕ» የአስተናጋጅ ጉርሻ መሆኑን አዘጋጆቹ ያስቡበት።

የአንጎሉን መታወክ በሚመለከት ረቂቁ አንድ ቦታ «ጉበት ወለድ የአንጎል መታወክ»፣ ሌላ ቦታ «የጉበት የአእምሮ በሽታ» ይላል። የመጀመሪያው ግሩም ስያሜ ነው። «ውኃ ወለድ በሽታ» ባስለመደን ሥርዓት የተሠራ ስለሆነ መንሥኤውን በግልጽ ያሳያል። ሁለተኛው ግን መሰረዝ አለበት። «የአእምሮ በሽታ» ሲባል ቤተሰብ የሚሄድበት በር ሌላ ነው፤ ይህ መታወክ ግን በብዙ ሁኔታ በቀናት ውስጥ ሊታከም የሚችል ነው። ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ቃል፣ በጣም ትንሽ የሚመስል፣ ያስደነገጠኝ አለ። ለዚህ መታወክ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋነኛው ላክቱሎስ ነው፤ ረቂቁ «የሆድ ድርቀት መድኃኒት» ብቻ ብሎ በይኖታል። እውነት ነው፣ ለሆድ ድርቀትም ይሰጣል። ነገር ግን የጉበት ሕመምተኛው የሚወስደው አንጀቱ ውስጥ ያለው አሞንያ ወደ ደም እንዳይገባ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ለስላሳ ዓይነ ምድር እንዲወጣና አብሮ እንዲወገድ ነው። «የሆድ ድርቀት መድኃኒት» የሚል ጽሑፍ ያነበበ፣ ሆዱም ያልደረቀ ሰው «እኔ ይህ የለብኝም» ብሎ ጠርሙሱን ቢተወው ስሕተቱ የእርሱ አይደለም። ብያኔው «ለጉበት ወለድ የአንጎል መታወክ» የሚለውን አስቀድሞ፣ «ለሆድ ድርቀትም» የሚለውን አስከትሎ ይጻፍ።

በዚሁ ገጽ «የሥጋ መመረዝ» የሚለው የፓቭሎቭ ዘመን ስያሜ በሕያው ቃልነት ተመዝግቧል። ታሪካዊ ካልተባለ በቀር ሊቆይ አይገባም። ዛሬ ሐኪሞች እነዚህን ሕሙማን ገንቢ ምግብ አይከለክሉም፤ እንዲያውም ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኙ ይመክራሉ። ቃሉ በመዝገቡ ውስጥ እንዳለ ከቀረ ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ከውሾች የተወሰደው ትምህርት ዛሬ የሰውን ገበታ ያሳጥራል።

የቀረው ጥቂት ነው። በእምብርት ዙሪያ ተጠማዝዘው ለሚታዩት ሥሮች ረቂቁ «የሜዱሳ ራስ» ብሏል። ፀጉሯ እባብ የሆነችውን የግሪክ ተረት ሴት የማያውቅ አንባቢ ከዚህ ምንም አይረዳም፤ የሚያውቃትም ቢሆን ሆድ ላይ ራስ ምን ያደርጋል ይላል። «የእምብርት ዙሪያ ጠላፊ ሥሮች» ይባሉ። «የጉሮሮ ኪንታሮት» የተባሉትም እንዲሁ «የጉሮሮ ጠላፊ ሥሮች» ቢባሉ፣ በፊንጢጣ ካሉት መሰሎቻቸውም ሆነ ከእውነተኛው ኪንታሮት ጋር የሚደረገው መምታታት ይወገዳል። ብያኔውን በተመለከተ ለአዘጋጆቹ የላክሁት የሚከተለውን ነው፦ «የጉበት በር ደም ጠለፋ፦ በጉበት በር ደም መልስ ወደ ጉበት ሊገባ የሚገባው ደም፣ በሙሉም ሆነ በከፊል፣ ጉበትን ሳይነካ ወደ መላ አካል ዝውውር የሚገባበት መተላለፊያ፤ ከልደት የመጣ፣ በበሽታ የተፈጠረ ወይም ለሕክምና የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የጉበት በርን ግፊት ይቀንሳል፤ ጉበት ወለድ የአንጎል መታወክን ሊያስከትል ይችላል።» «ሊያስከትል ይችላል» የሚለው ለብያኔ ይረዝማል ብለው እንዳያወጡት በሕዳጉ ላይ በቀይ አስምሬበታለሁ።